«ሜታቦሊዝሜ ቀርፋፋ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«የኔ ሜታቦሊዝም ቀርፋፋ ነው፤ ውሃ ብጠጣ እንኳ ያወፍረኛል።» «እሱማ ፈጣን ነው፤ የሚበላው የት እንደሚገባ አይታወቅም።» እንዲህ ያለ ወሬ ጂም ቤትም ቢሮም ቡና ላይም ይሰማል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ «ሜታቦሊዝም የሚያፈጥን» ሻይ፣ ዱቄትና ክኒን የሚሸጥ ሞልቷል። አሜሪካ የሚኖር ሰው ደም ሰጥቶ ውጤቱን ሲቀበል «ሜታቦሊክ ፓነል» የሚል ርዕስ ያነብባል። አራስ እናት ሕፃኗ ተረከዙ ሲወጋ «ለሜታቦሊክ በሽታ ነው» ትባላለች።

ቃሉ በየቦታው አለ። ብዙ ሰው ግን ሲሰማው ከሁለት ነገር አንዱን ነው የሚያስበው፤ ወይ የምግብ መፈጨትን ወይ ስብ ማቃጠልን። ሁለቱም ቃሉን አይሞሉትም። ይህ ልዩነት ገንዘብም ጤናም ያስወጣልና በደንብ ብናየው ጥሩ ነው።

ታዲያ ሜታቦሊዝም ምንድን ነው?

ባጭሩ፣ በሕያው ነገር ሕዋሳት ውስጥ ያለማቋረጥ የሚካሄደው የኬሚካል ለውጥ ሁሉ ተደምሮ ሜታቦሊዝም ይባላል። ሕዋስ የምንለው ሕያው ነገር ሁሉ የተሠራበትን፣ በዓይን የማይታይ ትንሽ ክፍል ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በየሰከንዱ አንዱ ነገር ይፈርሳል፣ ሌላው ይሠራል፣ ጉልበት ይወጣል፣ ጉልበት ይገባል።

የምግብ መፈጨት ከዚህ በፊት ያለ ሥራ ነው። እንጀራ አፍ ውስጥ ታኝኮ፣ ጨጓራ ውስጥ ታሽቶ፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ወደ ግሉኮስ ይሰባበራል። ግሉኮስ ደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስኳር ነው። እስካሁን ግን ምግቡ ገና ቱቦ ውስጥ ነው ያለው። የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ሲገባ፣ ከደም ደግሞ ወደ ሕዋስ ሲዘልቅ ነው ለሰውነት ሥራ የሚውለው።

ልዩነቱን በደንብ የሚያሳየው እርሾ ነው። ሊጥ ውስጥ ያለው እርሾ ጨጓራም አንጀትም የለውም። ሜታቦሊዝም ግን አለው፤ እንጀራው ላይ ዓይን የሚያወጣው እርሾው ስኳሩን ለውጦ የሚለቀው ጋዝ ነው። ዛፍም አለው። ባክቴሪያም አለው። እኛም ተኝተን፣ ጾመን፣ ታመን ሁሉ አለን። ከቆመ ሕይወትም ቆመ ማለት ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከግሪክኛ ነው። «ሜታቦሌ» በግሪክኛ «ለውጥ» ማለት ነው። ሁለት ቃል ተገናኝቶ የተሠራ ነው። «ሜታ» እዚህ ላይ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላ መሻገርን ያሳያል። «ባሌን» ደግሞ መወርወር ማለት ነው። ይህ መወርወር የሚለው ሥር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ «ዲያብሎስ» ውስጥ አለ። ዲያብሎስ በግሪክኛ ስም አጥፊ፣ በሰው መሀል ክፉ ወሬ የሚወረውር ማለት ነው።

ግሱ ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም ይገኛል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ጳውሎስ መላጥያ ደሴት ላይ እባብ እጁን ይይዘዋል። ሰዎቹ አሁን ያብጣል፣ አሁን ወድቆ ይሞታል ብለው ይጠብቃሉ። ምንም ሳይሆን ሲቀር ግን አሳባቸውን ለወጡ ይላል። የግሪኩ ጽሑፍ ለዚያ «ለወጡ» የተጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። ያኔ ተራ የሰፈር ቃል ነበር ማለት ነው፤ ሳይንስ ገና አልነካውም።

ወደ ሳይንስ ያስገባው ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን ነው። ዓመቱ 1839 ነበር (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሽቫን ገና 30 ዓመት አልሞላውም። በዚያ ዓመት እንስሳም ዕፅዋትም ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። ሕዋስ የሚሠራውን ሥራም ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ቅንጣቶች ተሰባስበው ሕዋሱን የሚገነቡበት ነው። ሁለተኛው በሕዋሱ ውስጥና በዙሪያው ባለው ፈሳሽ ላይ የሚደርሰው የኬሚካል ለውጥ ነው። ለዚህ ለሁለተኛው ከግሪክኛው ተነሥቶ «ሜታቦሊክ» የሚል ስም አወጣለት።

ስም አወጣጡ ትክክለኛ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሽቫን ሁለቱንም ወገን በእጁ ያውቅ ነበር። ጨጓራ ውስጥ ሥጋ የሚፈጨውን ፔፕሲን የተባለ ንጥረ ነገር በ1836 ያገኘው እሱ ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ስኳርን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አሳየ። መፈጨትን የሚያውቅ ሰው ነው ለሌላው ነገር ሌላ ስም ያስፈለገው።

የእርሾው ነገር ዋጋ አስከፍሎታል። የዘመኑ ታላላቅ ኬሚስቶች ሊቢሽና ቮለር በ1839 ስማቸውን ሳይጽፉ የፌዝ ጽሑፍ አወጡበት። እርሾን በአንድ በኩል ስኳር የምትበላ፣ በሌላ በኩል አልኮል የምታስወጣ ትንሽ እንስሳ አድርገው ሣሉት። ሽቫን በዚያው ዓመት ጀርመንን ለቅቆ ቤልጂየም ገባ። ዛሬ ጠላና ጠጅ የሚያፈላው ሕያው እርሾ መሆኑን የሚጠራጠር የለም።

ቃሉ በእንግሊዝኛ በስፋት የተለመደው በ1870ዎቹ ነው፤ የካምብሪጁ መምህር ማይክል ፎስተር በማስተማሪያ መጽሐፉ ተጠቀመበት። ጀርመኖች በበኩላቸው «የቁስ ልውውጥ» የሚል ትርጉም ያለው የራሳቸው ቃል አላቸው።

ስም ሳይወጣለት በፊት ማን አሰበው?

ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ የተባለ የጣልያን ሐኪም ነው። በ1561 ተወለደ፣ በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ይህ ሰው ከትልቅ ሚዛን ላይ ወንበር አንጠለጠለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይበላል። የሚበላውን ይመዝናል፣ የሚጠጣውን ይመዝናል፣ ከሰውነቱ የሚወጣውን ሰገራና ሽንት ይመዝናል፣ ራሱንም ይመዝናል። ሥራውን በ1614 በመጽሐፍ አሳተመ።

ሒሳቡ አልገጥም አለው። የሚወጣው ከሚገባው በጣም ያነሰ ነው፤ እሱ ግን በዚያው ልክ አልከበደም። በቀን 8 ፓውንድ ምግብና መጠጥ ቢገባ 5 ፓውንዱ በዓይን ሳይታይ ይጠፋል ብሎ ጻፈ። ከቆዳና ከአፍ የሚወጣ የማይታይ ላብ ነው አለ። በከፊል ልክ ነበር። ያ የጠፋ ክብደት ግን ከላብ ሌላም ነገር ነበረበት። ያንን ለመናገር ከ150 ዓመት በላይ ፈጀ።

መልሱን ያመጣው ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮዋዝዬ ነው። በ1782 እና 1783 መካከል ባለው ክረምት እሱና የሒሳብ ሊቁ ላፕላስ አንድ ጊኒ ፒግ የተባለች፣ ጭራ የሌላት አይጥ የምትመስል እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጡ። የገላዋ ሙቀት በረዶውን ያቀልጣል። የቀለጠውን ውሃ ለኩ፤ በ10 ሰዓት ውስጥ ወደ 400 ግራም ነበር። የምታስወጣውን ትንፋሽም ለኩ። ከዚያ ከሰል አቃጥለው ያንኑ ያህል ጋዝ ሲወጣ ስንት በረዶ እንደሚቀልጥ አዩ። ሁለቱ ተቀራረቡ።

ስለዚህ መተንፈስ ቀስ ያለ መቃጠል ነው አሉ። ምግብ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ይቃጠላል፣ ሙቀት ይሰጣል፣ በትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ከሳንቶሪዮ ሚዛን ላይ ከጠፋው ክብደት ከፊሉ ይህ ጋዝ ነበር። ላቮዋዝዬ ሥራውን አልጨረሰም። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ በግንቦት 1794 አንገቱ ተቀላ።

የበላነው እንጀራ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ምን ይሆናል?

ላቮዋዝዬ መቃጠሉ ሳንባ ውስጥ ይመስለው ነበር። የሚካሄደው ግን በየሕዋሱ ነው፤ ደግሞም እንደ እሳት በአንዴ ሳይሆን በብዙ ትንንሽ ደረጃ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ የሚያካሂድ የራሱ ሠራተኛ አለ፤ ኢንዛይም ይባላል። ኢንዛይም ራሱ ሳያልቅ አንዱን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ ፕሮቲን ነው።

የእንጀራው ግሉኮስ መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ ክብ ሠርቶ ወደ መነሻው በሚመለስ የለውጥ ሰንሰለት ውስጥ ይገባል። ይህን ክብ በ1937 ያገኘው ሃንስ ክሬብስ ነው። አይሁዳዊ በመሆኑ በ1933 ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እንግሊዝ ገብቶ ነበር። ሼፊልድ ከተማ ውስጥ የእርግብ ደረት ሥጋ ከትክቶ፣ ምን ሲጨመርበት ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚጠቀም ይለካ ነበር። የእርግብ ደረት የመረጠው ሳያቋርጥ የሚሠራ የመብረሪያ ጡንቻ ስለሆነ ነው። ግኝቱን ኔቸር ለተባለው ታዋቂ መጽሔት ሲልክ ለሳምንታት የሚሆን በቂ ጽሑፍ አለን ተብሎ ተመለሰለት። ሌላ መጽሔት ላይ አወጣው። በ1953 ለዚሁ ሥራ ኖቤል ተሸለመ።

ከዚህ ሁሉ ለውጥ የሚወጣው ጉልበት ኤቲፒ በተባለ ንጥረ ነገር ውስጥ ይቀመጣል። ጡንቻ ሲኮማተር፣ ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ፣ ሕዋስ ፕሮቲን ሲሠራ የሚጠቀመው ኤቲፒን ነው። በአንድ ጊዜ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ኤቲፒ ከጥቂት መቶ ግራም አይበልጥም። በአንድ ቀን የሚሰባበረውና ተመልሶ የሚሠራው ቢደመር ግን የሰውየውን ክብደት ያህላል።

ወዲያው የማይፈለገው ግሉኮስ ይቀመጣል። ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን «አስገቡት» የሚል ምልክት ይሰጣል። ጉበትና ጡንቻ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቹታል። የተረፈው ወደ ስብ ይለወጣል።

ሁለት ቃል እዚህ ላይ እንጨምር። የማፍረሱ ወገን ካታቦሊዝም ይባላል፤ «ካታ» ወደ ታች ማለት ነው። የመገንባቱ ወገን አናቦሊዝም ነው፤ «አና» ወደ ላይ ነው። ጂም ቤት ስሙ የሚነሣው «አናቦሊክ ስቴሮይድ» ስያሜው ከዚህ የመጣ ነው፤ ጡንቻ የሚገነባ ለማለት። ጡንቻውን ሲያሳድግ ልብንና ጉበትን ሊጎዳ፣ የወንድን የዘር ፍሬም ሊያመክን እንደሚችል ግን ስሙ አይናገርም።

ካደግን በኋላስ ምኑ ነው የሚገነባው?

ይህን ጥያቄ የመለሰው ሩዶልፍ ሾንሃይመር ነው። እሱም ከናዚ ሸሽቶ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የገባ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚታመነው የሰውነት ሥጋና ስብ ከተሠራ በኋላ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ የዕለቱ ምግብ ብቻ ይቃጠላል ተብሎ ነበር።

ሾንሃይመር በ1930ዎቹ ከተራው ሃይድሮጅን በሚከብድ ሃይድሮጅን ምልክት ያደረገበትን ስብ አይጦችን መገበ። ምግባቸው ከሚበቃቸው ያነሰ ነበርና ስቡ ወዲያው ይቃጠላል ተብሎ ነበር የተጠበቀው። ምልክቱ የተገኘው ግን አብዛኛው በአይጦቹ ገላ ስብ ውስጥ ነው። አዲሱ ገብቶ ተቀመጠ፣ የተቃጠለው አሮጌው ነው። በፕሮቲንም ሞከረው፤ ያው ሆነ።

የጭቃ ቤት ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ዘንድሮ ልስኑ ይታደሳል፣ ለከርሞ የበሰበሰው ማገር ይወጣል፣ ቆይቶ ምሰሶው ይቀየራል። ቤተሰቡ አንድ ቀን አልወጣም፣ ቤቱም ያው የነእገሌ ቤት ነው። ሰውነትም እንዲሁ ሰው እየኖረበት ነው የሚታደሰው። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ይተካል። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በጥቂት ቀናት ይቀየራል። ሽቫን «ለውጥ» ብሎ ስም ሲያወጣ ይህን ሁሉ አላየም ነበር፤ ቃሉ ግን ልክ ሆኖ ተገኘ።

እሺ፣ «ፈጣን» እና «ቀርፋፋ» የሚባለውስ?

እዚህ ላይ ሰው የሚያወራው ስለ ሜታቦሊዝም ፍጥነት ነው። ምንም ሳንሠራ ተጋድመን ሰውነታችን ለመኖር ብቻ በቀን የሚያወጣው ጉልበት አለ። ብዙ ሰው ላይ ከዕለቱ ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶ ይሆናል። ልብ ለመምታት፣ አንጎል ለማሰብ፣ ኩላሊት ለማጣራት የሚወጣ ነው። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ሆኖ ከዚህ ወጪ 20 በመቶውን ገደማ ይወስዳል።

የሚገርመው ነገር ትልቅ ገላ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ጉልበት ያወጣል፤ የሚመገበው ሕዋስ ብዙ ነውና። «ወፍራም የሆንኩት ቀርፋፋ ስለሆነ ነው» የሚለው ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። በሰውና በሰው መካከል ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። ግን በወሬ እንደሚባለው የሰማይና የምድር አይደለም።

«ጡንቻ ካበዛህ ተኝተህም ታቃጥላለህ» የሚባለውስ? እውነትነት አለው፣ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። አንድ ኪሎ ጡንቻ ዕረፍት ላይ በቀን 13 ካሎሪ ያህል ይወስዳል፤ አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ ወደ 4 ተኩል። አምስት ኪሎ ጡንቻ መገንባት የዓመታት ልፋት ነው። ትርፉ በቀን 65 ካሎሪ ቢሆን ነው፤ ከአንድ ስስ የፉርኖ ዳቦ ቁራጭ አይበልጥም። ጡንቻ ለስኳር በሽታ መከላከያም ለእርጅናም ወርቅ ነው። በዚያ ምክንያት ብትሠሩ ይሻላል።

ዕድሜስ? «30 ካለፈኝ ወዲህ ሜታቦሊዝሜ ወደቀ» የማይል የለም። በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ትልቅ ጥናት ይህን ፈተሸ። የዱክ ዩኒቨርሲቲው ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ ከ29 አገር ከ6,400 በላይ ሰዎችን አዩ፤ ከስምንት ቀን ሕፃን እስከ 95 ዓመት አዛውንት። ሰዎቹ ከተራው በሚከብድ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የተሠራ ውሃ ይጠጣሉ። ሁለቱ ከሰውነት የሚወጡበት ፍጥነት ልዩነት ሰውየው ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደተነፈሰ ይናገራል።

ከገላ መጠን ጋር ተመዛዝኖ ሲታይ ፈጣኑ የአንድ ዓመት ሕፃን ነው፤ ከአዋቂ በ50 በመቶ ይበልጣል። ከዚያ እስከ 20 ዓመት ቀስ እያለ ይወርዳል። ከ20 እስከ 60 ግን ያው ነው፤ አይነቃነቅም። ከ60 በኋላ በዓመት 0.7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በ35 ዓመት የመጣ ቦርጭ ሌላ ምክንያት ይፈለግለት።

በእውነት የሚቀዘቅዝበት ጊዜ የለም?

አለ። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን የሜታቦሊዝምን ፍጥነት ይቆጣጠራል። ሲያንስ ሰው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ኪሎ ይጨምራል፣ ልብ ምቱ ይቀዘቅዛል። ሲበዛ በላብ ይዘፈቃል፣ ልቡ ይመታል፣ እየበላ ይከሳል። በደም ምርመራ የሚታወቅ፣ መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። እነዚህን ምልክቶች አይቶ ወደ ሻይ ሻጭ የሚሄድ ሰው ያሳዝነኛል፤ ጤና ጣቢያ ነው መሄድ ያለበት።

ይህ ሆርሞን ያለ አዮዲን አይሠራም። በደጋው አገራችን አፈሩ በዝናብ ስለሚታጠብ አዮዲን ያንሰዋል። ዕጢው የሌለውን ፍለጋ ሲያብጥ እንቅርት ይሆናል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለን የምንተርተው በሽታው በየቤቱ የሚታወቅ ስለነበር ነው። እንቅርት ከማስቀየሙም በላይ፣ እናት በእርግዝና አዮዲን ካነሳት የልጇ አንጎል ይጎዳል። ኢትዮጵያ በ2011 ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች። ቤት ውስጥ ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ነው፤ አየርና ብዙ እሳት አዮዲኑን ያጠፋዋል።

ጾም ያቀዘቅዘዋል?

እስከ ከሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ሆነ በረመዳን ቀኑን የሚጾም ሙስሊም ሜታቦሊዝሙ አይቆምም፤ ምንጩን ነው የሚቀይረው። መጀመሪያ ጉበት ያከማቸውን ግላይኮጅን እየፈታ የደም ስኳርን ይጠብቃል። ይህ ክምችት 100 ግራም ገደማ ነው። እሱ እያለቀ ሲሄድ የስብ ድርሻ ይጨምራል። በጥቂት ሰዓት ጾም ፍጥነቱ አይወድቅም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሳይማከር አይጹም፤ መድኃኒቱ እየሠራ ምግብ ካልገባ የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ረጅም ረሃብ ሌላ ነው። በ1944 እና 1945 አሜሪካ ሚኔሶታ ውስጥ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት በግማሽ ምግብ አቆየ። ክብደታቸው በሩብ ያህል ቀነሰ። በዕረፍት የሚያወጡት ጉልበት ደግሞ በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ብርድ አልቻሉም፣ ስለ ምግብ ብቻ ያልሙ ነበር። ሰውነት ሲራብ ወጪ ይቀንሳል። በአንድ ወር ብዙ ኪሎ ለመቀነስ ራሱን የሚያስርብ ሰው የሚገጥመው ይኸው ነው።

ስንከሳ ስቡ የት ይሄዳል?

በ2014 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሐኪሞችን፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዎችንና የስፖርት አሠልጣኞችን ይህን ጠየቁ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ወደ ጉልበት ተለውጦ ያልቃል» አሉ። ቁስ ግን እንዲሁ አይጠፋም። የሒሳቡ መልስ እንዲህ ነው፤ 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በአፍንጫና በአፍ ይወጣል። የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። ስብ የምንተነፍሰው ነገር ነው።

እንግዲህ ቶሎ ቶሎ ልተንፍስ የሚል ካለ፣ አይሠራም፤ ራስ ያዞራል እንጂ። ካርቦኑ የሚለቀቀው ሕዋሱ ሲሠራ ነው፤ ስንራመድ፣ ስንሸከም፣ ስንጨፍር። ላስቲክ ለብሶ ማላብም ውሃ ነው የሚያወጣው፤ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። ቡናና አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለው ካፌይን ፍጥነቱን ለጥቂት ሰዓት በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል። ይህ እውነት ነው፤ ኪሎ ለመቀነስ ግን የማይበቃ ነው። ከዚያ በላይ ተስፋ የሚሰጥ ክኒን ምን እንደያዘ ካልታወቀ አለመዋጥ ነው።

የሐኪም ወረቀት ላይ ሲጻፍስ?

«ሜታቦሊክ ፓነል» ስለ ውፍረት አይደለም። የደም ስኳርን፣ ሶዲየምና ፖታሲየምን፣ ኩላሊት እንዴት እንደሚያጣራ የሚለካ ምርመራ ነው። አጭሩ 8፣ ሰፊው 14 ነገር ያያል፤ በሰፊው ውስጥ የጉበትም አለበት። «ሜታቦሊክ ሲንድረም» ደግሞ የወገብ ስፋት፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ስብ መዛባት አንድ ሰው ላይ ሲሰባሰቡ የሚሰጥ ስም ነው፤ ለልብና ለስኳር በሽታ ያጋልጣል።

የአራስ ምርመራው ታሪክ ከሁሉ በላይ ልብ ይነካል። በ1934 ኖርዌይ ውስጥ አንዲት እናት አእምሯቸው ያላደገ ሁለት ልጆቿን ይዛ ሐኪም ለሐኪም ትዞር ነበር። ልጆቹ ለየት ያለ ሽታ እንዳላቸው አስተውላለች፤ የሰማት ግን የለም። አስቢዮርን ፎሊንግ የተባለ ሐኪም ሰማት። ሽንታቸው ላይ የብረት ጨው ጠብ ሲያደርግ የማይጠበቅ አረንጓዴ ቀለም መጣ። ልጆቹ ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ፌኒልአላኒን የሚለውጠው ኢንዛይም ጎድሏቸው ነበር። ያልተለወጠው ተከማችቶ አንጎላቸውን ጎዳ። በሽታው ፒኬዩ ይባላል።

ለእነዚያ ልጆች ጊዜው አልፎ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ሮበርት ጋትሪ የተባለ አሜሪካዊ ከሕፃን ተረከዝ በወረቀት ላይ በተወሰደ ጠብታ ደም በሽታውን ማወቂያ ዘዴ አገኘ። በሽታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተያዘና ልጁ ፌኒልአላኒን የተቀነሰበት ምግብ ከተሰጠው እንደ ማንኛውም ልጅ ያድጋል። ዛሬ በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕፃናት እንዲህ ይመረመራሉ፤ የሚታዩት በሽታዎችም ብዙ ሆነዋል። «ናሙናው ይደገም» ብለው ሲደውሉ ልጁ ታሟል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነጻ ይወጣል። ግን በዚያው ቀን መሄድ ነው፤ ከእነዚህ በሽታዎች አንዳንዶቹ በየጡት መጥባቱ ነው የሚከማቹት።